ግመሏን አንቺ እሰሪ፤ ልብሽን አላህ ያስርልሻል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

የዛሬው ማስታወሻ ከብልባላ በመጣ አንድ መልእክት ይጀምራል። ብልባላን ለማታውቁ፣ ከላሊበላ በስተሰሜን ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የላስታ ከተማ ናት። የጻፈችልኝ አንዲት ወጣት እህታችን ናት። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ላሊበላ ሄዳ አልትራሳውንድ ስትታይ ባለሙያው «እትብቱ አንገቱ ላይ አንድ ዙር ዞሯል» አላት። «ብዙ ጊዜ ችግር አያመጣም፣ ክትትልሽን ብቻ አታቋርጪ» ብሎም ነግሯታል። እሷ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዛ ወደ ቤቷ የተመለሰችው «አንገቱ ላይ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው።

«ኡስታዝ፣» ትላለች፣ «ሌሊት እነሳና እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እስኪንቀሳቀስ እጠብቃለሁ። ሰላት ላይ ቆሜ እንኳ ሐሳቤ እሱ ጋ ነው። አማቴ ‹አላህ ላይ ጣይው ልጄ፣ አማኝ ሰው እንዲህ አይጨነቅም› ይሉኛል። እውነት ኢማኔ ደካማ ስለሆነ ነው?»

ይህን ጥያቄ ቶሎ አልመለስኩም። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ደስ የሚል ታሪክ ግን አይደለም።

ከዓመታት በፊት፣ ማስተማር በጀመርኩበት ሰሞን፣ አንድ ወጣት ከዒሻ ሰላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ጠበቀኝ። ባለቤቱ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። «ከጠዋት ጀምሮ ልጁ አልተንቀሳቀሰም ትላለች። አሁን መኪና ልፈልግ ወይስ ይንጋ?» አለኝ። መሽቷል፤ መኪና መከራየት ውድ ነው፤ ፊቱ ላይ ጭንቀት ይነበባል። እኔ ጭንቀቱን ላቀልለት ፈለግሁ። «አብሽር ወንድሜ፣ አላህ ላይ ተወከል። ልጅም እኮ አንዳንዴ ይተኛል። ዱዓ አድርጉና ጠዋት ትሄዳላችሁ» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ።

ጠዋት ሄዱ። የልጁ የልብ ምት አልተገኘም። ሲወለድ እትብቱ ላይ ጠበቅ ያለ ቋጠሮ ነበር።

ያ ወጣት አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ለተዕዚያ ስሄድ አቅፎኝ «ቀደረላህ፣ ኡስታዝ» ነው ያለኝ። እሱ ያላት ቃል ቦታዋን ያገኘች ቃል ነበረች። እኔ በዋዜማው ያልኩት ግን ቦታውን የሳተ ነበር። ነገሩ ከሆነ በኋላ የሚባለውን ቃል፣ ነገሩ ከመሆኑ በፊት ተናገርኩት። ሌሊቱን ቢሄዱ ልጁ ይተርፍ እንደሆነ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው። የኔ ጥፋት ግን ግልጽ ነው፤ የማላውቀውን ነገር «ተወኩል» በሚለው ትልቅ ቃል ሸፍኜ መለስኩለት። በዩኒቨርሲቲም በመድረሳም ተምሬ ነበር፤ «እኔ አላውቅም፣ አሁኑኑ ሂድ» ማለትን ግን ገና አልተማርኩም ነበር።

ስለዚህ ለብልባላዋ እህቴ የምሰጠውን መልስ ዛሬ ረጋ ብዬ ልጻፈው። ለሷ ብቻ ሳይሆን እንደሷ ለምትጨነቁ ሁሉ፣ ነገ ባልና አባት ለምትሆኑ ወንድሞችም ጭምር ነው።

መፍራት የኢማን ጉድለት ነው?

አይደለም እህቴ። ማስረጃውን ከሰው ወሬ ሳይሆን ከቁርኣን እንውሰድ።

በሱረቱል ቀሶስ (28፥7–13) የሙሳን እናት ታሪክ አላህ ይነግረናል። ፊርዐውን የበኒ ኢስራኢልን ወንድ ልጆች የሚያርድበት ዘመን ነው። አላህ ለዚህች እናት ልጇን እንድታጠባው፣ በፈራችለት ጊዜ ደግሞ ወንዙ ውስጥ እንድትጥለው አሳወቃት። እንዳትፈራና እንዳታዝንም ነገራት። ልጇን እንደሚመልስላት፣ መልእክተኛም እንደሚያደርገው ቃል ገባላት።

እስቲ ይህን አስተውሉ። እኛ ማናችንም የሌለን ነገር እሷ ነበራት። «ልጅሽን እመልስልሻለሁ» የሚል ቃል፣ ያውም ከአላህ! ከዚያ በኋላ ግን ምን ሆነች? ቁርኣን አልደበቀውም። ልቧ ከልጇ በቀር ከሌላው ሐሳብ ሁሉ ባዶ ሆነ። ምስጢሩን ልታወጣው ትንሽ ነበር የቀራት። አላህ ግን ልቧን አጠነከረላት። እዚህ ቦታ ላይ ያለው የዐረብኛ ቃል «ረበጥና» የሚል ነው፤ የቃሉ መሠረት «ማሰር» ነው። እንደሚበተን ነገር ሲርገበገብ የነበረውን ልቧን አላህ ጠፍሮ አሰረላት።

ቃል የተገባላት እናት ልቧ ባዶ ከሆነ፣ ምንም ቃል ያልተገባልሽ አንቺ ሌሊት ብትነቂ ምን ይገርማል? አላህ በዚያች እናት ድንጋጤ አልወቀሳትም። ይልቅስ እስከ ቂያማ ቀን በሚነበብ መጽሐፍ ውስጥ በክብር አነሳት።

መርየምንም አስታውሺ። በሱረቱ መርየም (19፥23–26) ምጡ ወደ ተምር ግንድ ሲያስጠጋት፣ ከዚህ በፊት ሞታ ተረስታ ቢሆን ኖሮ ተመኘች። ይህን ያለችው አላህ ከዓለም ሴቶች የመረጣት እናት ናት። ታዲያ አንዲት ነፍሰ ጡር ስትጨነቅ «ኢማንሽ የት አለ?» የምንል እኛ ማን ነን? ለአማትሽ ግን ክፉ መልስ አትመልሺላቸው። እሳቸውም በዚያው ጭንቀት ውስጥ ያለፉ እናት ናቸው፤ የሚያውቁትን ማጽናኛ ነው የሰጡሽ።

የምንፈራውን ነገር እንወቀው

አገራችንን ስንጠራ «እትብቴ የተቀበረበት» እንላለን። ስለ እትብት ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው መቀበሩን ብቻ ነው። ፍርሃት ደግሞ የሚያድገው ባልታወቀ ነገር ላይ ነው።

እትብት ልጁን ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚያገናኝ ገመድ ነው። ልጁ ሲወለድ ርዝመቱ በአማካይ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በውስጡ ሦስት የደም ሥሮች አሉ። አንዱ ከእናት የመጣውን ምግብና ኦክስጅን ወደ ልጁ ያደርሳል፤ ሁለቱ ያገለገለውን ደም ይመልሳሉ። ሦስቱም ተጠማዝዘው፣ እንደ ተልባ በሚያዳልጥ ወፍራም ነገር ተከበው ይገኛሉ። ይህ ነገር ገመዱ ቢታጠፍም፣ ቢጠመዘዝም፣ ቢዞርም የደም ሥሮቹ በቀላሉ እንዳይጨፈለቁ ይከላከላል። ሱብሓነላህ! በሱረቱ ረዕድ (13፥8) ሴት ሁሉ የምትሸከመውን፣ ማህፀኖች የሚያጎድሉትንና የሚጨምሩትን አላህ እንደሚያውቅ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ዘንድ በልክ እንደሆነ ተነግሮናል። ከዚያ ልክ አንዱ ይህ ገመድ ነው።

አሁን «አንገቱ ላይ ዞሯል» ወደሚለው እንምጣ። ከአራት ወይም ከአምስት ሕፃናት አንዱ ገደማ እትብቱ አንገቱ ላይ ዞሮ ነው የሚወለደው። ይህን የምታነቡ ስንቶቻችሁ እንዲሁ እንደተወለዳችሁ እናቶቻችሁም ላያውቁ ይችላሉ። አብዛኛውን ጊዜ አዋላጇ ጭንቅላቱ እንደወጣ በጣቷ ፈልጋ በራሱ ላይ ታወልቀዋለች፤ በቃ። ልጁ ማህፀን ውስጥ ሳለ በአፍንጫና በአፉ አይተነፍስም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው በእትብቱ ነው። ስለዚህ የገመዱ መዞር አንድ ሰው አንገቱን እንደመታነቁ አይደለም። አደጋው ያለው ገመዱ ራሱ በኃይል ተጨፍልቆ ደም ማለፍ ሲያቅተው ነው፤ ያ ደግሞ ጥቂቶች ላይ የሚደርስ ነው። ልጁ ሲገላበጥም ዛሬ የዞረው ነገ ሊፈታ፣ ዛሬ ያልዞረው ነገ ሊዞር ይችላል።

እውነተኛ ቋጠሮ የሚባለው ከ100 ወሊድ በአንዱ ገደማ ይታያል። ከነዚህም አብዛኞቹ ሕፃናት በሰላም ይወለዳሉ። ጥቂቶቹ ላይ ግን ይጠብቃል፤ ያ ወጣት ልጁን ያጣው በዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ የሽርት ውሃው ሲፈስ እትብቱ ከልጁ ቀድሞ መውጣት ነው። ከ1000 ወሊድ ከ1 እስከ 6 በሚሆኑት ላይ ያጋጥማል። ይህ እውነተኛ ድንገተኛ አደጋ ነው፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ከልብሽ አውጪው። «እጅሽን ወደ ላይ ስታነሺ ነው የዞረበት፣ ልብስ ስታሰጪ ነው፣ ክር ስታጠነጥኚ ነው» የሚሉሽ ካሉ፣ መሠረት የሌለው ወሬ ነው። ገመዱ የሚዞረውም የሚቋጠረውም ልጁ በውሃው ውስጥ በመዋኘቱ ነው። ቋጠሮም ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ልጁ ገና ትንሽ ሆኖ ሰፊ ቦታ ባለው ጊዜ ነው። አንቺ ያሰርሽው ነገር የለም። ያላሰርሽውን ለመፍታት ብለሽም አንገትሽ ላይ ክታብ አታንጠልጥዪ፣ ወገብሽ ላይ ክር አታስሪ። የማህፀኑን ጌታ ያለ አማላጅ ለምኚው፤ ቅርብ ነው፣ ሰሚ ነው።

ጭንቀትሽን ለሁለት ክፈዪው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ከሙሳ እናት የምንማረው መፍራት እንደማያስወቅስ ብቻ አይደለም። በፍርሃቷ ምን እንዳደረገችም እንማራለን።

አላህ ዝም ብላ ቁጭ እንድትል አላዘዛትም። አጥቢው አላት፤ ይህ በእጇ ያለ ነገር ነው። ሳጥን ውስጥ አድርጋ ወንዙ ላይ እንድትጥለው አዘዛት፤ ይህንንም እጇ ይችለዋል። ወንዙ ወዴት እንደሚወስደው ግን በእጇ አልነበረም። እዚያ ላይ ልቧን አላህ አሰረላት። ከዚያም በኋላ እንኳ «ተወክያለሁ» ብላ አልተቀመጠችም፤ እህቱን ተከታተይው ብላ ላከች። ያች ልጅ ከሩቅ ሆና ተከታተለች፤ በሷም ሰበብ ሙሳ ወደ እናቱ ጡት ተመለሰ። የአላህ ቃል የተፈጸመው በአንዲት እህት እግር ነው።

መርየምንም ተመልከቱ። በምጥ የደከመች ሴት የተምር ግንድ ነቅንቃ ፍሬ ማርገፍ ትችላለች? ጠንካራ ወንድም ይከብደዋል። አላህ ግን ነቅንቂው አላት። ፍሬውን የሚያረግፈው እሱ ነው፤ ከሷ የተፈለገው እጇን ግንዱ ላይ ማድረግ ነው።

ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ፈቶ ልተወከል ወይስ አስሮ ለጠየቃቸው ሰው፣ አስሮ እንዲወከል ነግረውታል። ቲርሚዚ ዘግበውታል።

ስለዚህ እህቴ፣ ጭንቀትሽን ለሁለት ክፈዪው። እጅ ያለበትና እጅ የሌለበት ብለሽ። እጅ ያለበትን ሥሪው፤ እጅ የሌለበትን ለባለቤቱ መልሺው። ሁለቱን ስናቀላቅል ነው የምንጠፋው። በእጃችን ያለውን «ተወክያለሁ» ብለን እንተዋለን፤ በእጃችን የሌለውን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ስናገላብጥ እናድራለን።

እጅ ያለበት የቱ ነው?

አንደኛ፣ ክትትል። ቀጠሮሽን አታሳልፊ። በየክትትሉ አዋላጇ በጆሮዋ የልጁን ልብ ትሰማለች፤ ሆድሽን ዳሳ ጭንቅላቱ ወደ ታች መሆን አለመሆኑን ታያለች። እትብት ቀድሞ የመውጣት አደጋ የሚጨምረው ልጁ በጭንቅላቱ ሳይመጣ ሲቀር፣ መንታ ሲሆን፣ የሽርት ውሃ ሲበዛ፣ ወይም ወሩ ሳይደርስ ሲወለድ ነው። ይህ ቀድሞ ከታወቀ የት እንደምትወልጂ ቀድሞ ይወሰናል።

ሁለተኛ፣ የልጁ እንቅስቃሴ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ልማድ አለው። ያንን ልማድ ካንቺ በላይ የሚያውቀው ሐኪም የለም። «ልጅ ወደ መጨረሻው ቦታ ስለሚጠበው አይንቀሳቀስም» የሚባለውን አትቀበዪ። ከወትሮው ከቀነሰ ወይም ካቆመ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሌሊት ሂጂ። ይንጋ አትበዪ። እኔን የመሰለ ኡስታዝ «ይንጋ» ቢልሽም አትስሚው! ደህና ሆኖ ከተገኘ ኪሳራሽ ድካም ብቻ ነው፤ ለዚያም አጅር አለሽ።

ሦስተኛ፣ ደም ከታየሽ ወይም የሽርት ውሃ ከፈሰሰ አትቆዪ። ውሃው ፈስሶ ገመድ የሚመስል ነገር ከወጣ ወይም ከተሰማሽ፣ ማንም አይጎትተው፣ ወደ ውስጥም አይግፋው። ወዲያው በጉልበትሽ ተንበርክከሽ ደረትሽን ወደ መሬት ዝቅ፣ ዳሌሽን ከፍ አድርጊ። ይህ አቀማመጥ ከሱጁድ ጋር ይመሳሰላል። ልጁ ገመዱን እንዳይጫነው ያደርጋል። ስትጓጓዢ በግራ ጎንሽ ተኝተሽ ከዳሌሽ ሥር ትራስ ይደረግ። መድረሻሽም ቀዶ ጥገና ያለበት ሆስፒታል ይሁን። እዚህ ላይ ደቂቃ ዋጋ አለው።

አራተኛ፣ ልጁ ከተወለደ በኋላም እትብቱ አማና ነው። በንጹሕ ምላጭ ይቆረጥ። ቅቤ፣ አመድ፣ እበት አይነካው። ጤና ባለሙያ ካዘዘው ውጭ ምንም አይቀባበት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትሽን በእርግዝናሽ ጊዜ ውሰጂ።

አምስተኛ፣ የት እንደምትወልጂ ዛሬ ወስኚ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአገራችን ጤና ተቋም ውስጥ የሚወለዱት ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2016 ጥናት 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ደረሱ። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ሆኖም ግማሽ የሚሆኑት እናቶች ገና ቤት ውስጥ ነበር የሚወልዱት። ላስታን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ፣ ክረምት ላይ የሚሞላው ወንዝ አለ። ከ2013 ክረምት ጀምሮ ደግሞ ጦርነት በዚያ ምድር ሲመላለስ መንገድ የተዘጋባቸው፣ አምቡላንስ የታጣባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ።

ለዚህ መፍትሔ ሆነው ከተገኙት ነገሮች አንዱ የእናቶች ማቆያ ነው። ሩቅ ያለች እናት የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ጤና ጣቢያው ወይም ሆስፒታሉ አጠገብ ባለ ማረፊያ ትቆያለች። ምጥ ሲመጣ መንገዱ ቀድሞ አልቋል። በአገራችን ይህ አሠራር በጉራጌ በአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 ነው የተጀመረው፤ ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች አለ። ባለሽበት አካባቢ እንዳለ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቂያት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ለመውለድም ክፍያ የለም።

ዑመር (ረ.ዐ) ወረርሽኝ ወደገባበት የሻም ምድር ላለመግባት ሲመለሱ፣ ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ተብለው ተጠየቁ። ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ ነበር መልሳቸው። ከቤትሽ ወደ ማቆያው ስትሄጂ አንቺም የምታደርጊው ይህንኑ ነው።

እጅ የሌለበትስ?

ይህን ሁሉ ካደረግሽ በኋላ የሚቀር ነገር አለ። ልዋሽሽ አልፈልግም። ቋጠሮ መኖሩን አልትራሳውንድም ብዙ ጊዜ አያየውም። ገመዱ መቼ እንደሚጫን ማንም አያውቅም። እኔም «ልጅሽ በሰላም ይወለዳል» ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም፤ እንዲህ ያለ ቃል ለሙሳ እናት የተገባው ከአላህ ዘንድ ነው። እዚህ ጋ ነው ተወኩል ሥራውን የሚጀምረው። ሳጥኑ ከእጅሽ ወጥቶ ወንዙ ላይ ሲሆን።

ሌሊት ስትነቂ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ በጎንሽ ተኝተሽ ተረጋግተሽ ልጅሽን አዳምጪ። እንቅስቃሴው እንደ ልማዱ ከሆነ የሌሊቱ ሥራሽ አብቅቷል። ካልሆነ ባልሽን ቀስቅሺ፤ ተነሱ፣ ሂዱ። ሥራሽን ከጨረስሽ በኋላ የሚመጣው «ግን ቢሆንስ? ግን ቢጠብቅስ?» የሚለው ድምፅ ምንም ሥራ አይሰጥሽም፤ ያደክምሻል ብቻ። ያ ወስዋስ ነው። ከሱ ጋር አትከራከሪ፤ አዑዙ ቢላህ በዪና ዚክር ጀምሪ፤ ከቻልሽ ውዱእ አድርገሽ ሁለት ረክዐ ስገጂ። «ያ ረብ፣ የሙሳን እናት ልብ እንዳሰርክላት የኔንም ልብ እሰርልኝ» በዪ። ጭንቀቱ ቀን ከሌት እየበረታ ምግብና እንቅልፍ ከከለከለሽ ለአዋላጅሽ ንገሪያት። እሱም ሕመም ነው፤ ሕክምና አለው። ለመታከም ታዘናል።

ላጣችሁት

ይህን የምታነቡ መካከል ልጅ ያጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከላይ የጻፍኩትን ስታነቡ «እኔም ያኔ ሄጄ ቢሆን ኖሮ» ብላችሁ ይሆናል። ለእናንተ የተለየ ቃል አለኝ።

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሚጠቅመን ነገር ላይ እንድንጓጓ፣ በአላህ እንድንታገዝ፣ እንዳንሰንፍ አዘዙን። ቀጥለው አንድ ነገር ከደረሰብን «እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ» እንዳንል፣ ይልቁንም የአላህ ውሳኔ ነው እንድንል፣ «ኖሮ» የምትለዋ ቃል ለሸይጣን ሥራ በር እንደምትከፍት አስተማሩን። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። ከመሆኑ በፊት ጉጉትና ትጋት ነው፤ ከሆነ በኋላ ደግሞ እጅ መስጠት። እኔ ያን ማታ የገለበጥኩት ይህን ቅደም ተከተል ነው። እናንተ ደግሞ ዛሬ በሌላ በኩል አትገልብጡት። ያኔ የማታውቁትን ዛሬ አውቃችሁ ያኔ የነበራችሁትን ሰው አትቅጡ።

እኔስ? እኔም «ኖሮ» ማለት ተከልክያለሁ። ስህተቴን ማወቅና ከሱ መመለስ ግን አልተከለከልኩም፤ ታዝዣለሁ። «ኖሮ» ትናንት ላይ አስሮ ያስቀምጣል። ተውበት ግን ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሰው ሌላ መልስ እንድሰጥ አድርጎኛል።

አልቅሱ፤ ማልቀስ ሰብርን አይሽርም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በልጃቸው በኢብራሂም ሞት ዓይናቸው አንብቷል፣ ልባቸው አዝኗል፤ ምላሳቸው ግን ጌታቸውን ከሚያስደስት ቃል አልወጣም። ኢብን ማጀህ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ጊዜው ሳይደርስ የወጣ ፅንስ፣ እናቱ በሰብር አጅሩን ከአላህ ከጠበቀች፣ በእትብቱ እየጎተተ ወደ ጀነት እንደሚያስገባት ተወስቷል። በሰነዱ ላይ የሐዲስ ሊቃውንት ተነጋግረውበታል፤ ልጆች ሞተውባቸው ለታገሡ ወላጆች የተነገረው ብስራት ግን በቡኻሪና በሙስሊም የጸና ነው። ያ ወጣት ልጁን ባጣ ማግስት ይህን ሐዲስ አላስታወስኩም ነበር። ዛሬ ባስታወስኩ ቁጥር ግን ያ ቋጠሮ ያለበት ገመድ ይታየኛል። በዱንያ ሞት የመጣበት ገመድ፣ በአኺራ እናትን ወደ ጀነት መሳቢያ ሊሆን ይችላል።

ለወንድሞቼ

ባል የሆንክ ወንድሜ፣ «ተወከይ» ከማለትህ በፊት የአምቡላንሱን ስልክ ቁጥር ያዝ። ለመንገድ የሚሆን ብር ለብቻ አስቀምጥ። በክትትል ቀን አብረሃት ሂድ። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ከሆንክ ቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎችን ከወዲሁ አነጋግር። የላስታ ሙስሊሞች በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትወጣ ግን ተሸካሚው ጎረቤት ሁሉ ነው፤ ሙስሊም ክርስቲያን አይባልም። አንተም ተራው የጎረቤትህ ሲሆን ትከሻህን አትደብቅ።

ኡስታዝ ወይም ዳዒ የምትሆን ወንድሜ ደግሞ፣ ነፍስ ያለበት ጥያቄ ሲመጣልህ መጀመሪያ «ሐኪም አይቷታል?» ብለህ ጠይቅ። ዱዓውን መንገድ ላይ ሆነው ያደርጉታል።

ለብልባላዋ እህቴ ይህን በአጭሩ ጽፌላት ነበር። ትናንት መለሰችልኝ። ከባሏ ጋር ተነጋግረዋል፤ ዘጠነኛው ወር ሲገባ ወደ ማቆያው ልትሄድ ወስነዋል። አማቷም አብሬሽ እሄዳለሁ ብለዋታል። «ፍርሃቱ አልሄደም ኡስታዝ፣» ትላለች፣ «ግን ትናንት ሌሊት ልጄን አዳምጬ ተመልሼ ተኛሁ።»

ገና አልወለደችም። ስለዚህ ዛሬ በጁሙዓ፣ ዱዓ ተቀባይ በሚሆንባት ሰዓት አስታውሷት።

ያ አላህ! በሦስት ጨለማዎች ውስጥ የምትፈጥር ጌታ ሆይ፣ እሷንና በየገጠሩ በየከተማው ምጥ የሚጠብቁ እናቶችን ሁሉ በሰላም አገላግላቸው። ሰበቡን አግራላቸው፣ መንገዱን ክፈትላቸው፣ ልባቸውን እሰርላቸው። ልጆቻቸውን ያጡትን ከሙሲባቸው በተሻለ ካሳቸው። ሳናውቅ በተናገርነው ቃል ያሳሳትናቸውን ሰዎች በረሕመትህ ጠግንልን፤ እኛንም ማረን። አሚን።

ሱረቱል ካህፍን ማንበብ፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛት አንርሳ። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።